በቀይ ክር ያልታሰረው ማመልከቻ

የከተማዋን ስም አልናገርም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃት ደግሞ ባለማወቁ አይጎዳም። በወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ቄራና አንድ ፍርድ ቤት ያላት ከተማ ናት። በዚያ ፍርድ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት የመዝገብ ቤት ሹም ሆኜ አገልግያለሁ። ስሜ ቢሻው ይባላል። በእኔ ዘመን አንድም ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራው የጠፋ ወረቀት ታሪክ እንዳይመስላችሁ ነው። ወረቀቱ አልጠፋም ነበር። የት እንዳለ እኔ በደንብ አውቅ ነበር።

ፍርድ ቤታችን ሠላሳ አንድ ደንብ ነበረው። አገሩን ሁሉ የሚገዛው ትልቁ ሕግ በዋናው ከተማ ታትሞ በሰባት ጥራዝ ይመጣል፤ እሱን ጠበቃ ነኝ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ሠላሳ አንዱ ደንብ ግን የእኛ የብቻችን ነው። በሳንቃ ላይ ተጽፎ ከበሩ በስተግራ ተሰቅሏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ዝናብ ስለሚያደበዝዘው በየሦስት ዓመቱ ደግሜ እጽፈዋለሁ። ባለጉዳይ ሲመጣም ጉዳዩን የሚነካውን ደንብ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ካነበብኩ በኋላ አፌን እዘጋለሁ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ደንብ «የመዝገብ ቤት ሹም ደንብ ያነባል እንጂ አያብራራም» ይላል።

ከደንቦቹ ጥቂቱን ልንገራችሁ። ማመልከቻ የሚጻፈው በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ጀርባው ባዶ ይተዋል። በችሎት የሚናገር ሰው መሐል ወለሉ ላይ በተቀበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ ከድንጋዩ ውጭ የተነገረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ምስክር ካስነጠሰው ቃሉን ከመጀመሪያው ይደግማል። ዳኛው ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ያያል። ከወንበሩ ሥር አንድ ጊዜ እባብ ተገኝቶ ነበር የሚሉ አሉ፤ የታሰረ በግ ነው የተገኘው የሚሉም አሉ።

ሦስት ሳጥኖችም ነበሩን። ሰው የሚሞትበት፣ የሚታሰርበት ወይም የሚሰደድበት ጉዳይ የነፍስ ጉዳይ ይባላል፤ ወረቀቱ በቀይ ክር ታስሮ ይመጣና ቀዩ ሳጥን ይገባል። ቀዩ ሳጥን በየቀኑ ይከፈታል። የርስት፣ የትዳርና የአጥር ጭቅጭቅ በነጭ ክር ታስሮ ነጩ ሳጥን ይገባል፤ እሱ የሚከፈተው ሰኞ ሰኞ ነው። ክር የሌለው ነገር ሁሉ ግራጫው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ የሚገባው የምስጋና ደብዳቤ፣ ለዳኛው የተገጠመ ግጥም፣ ጨረቃን ሊከስ የሚፈልግ ሰው አቤቱታ፣ እንዲህ ያለው ሁሉ ነው። ግራጫው ሳጥን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰው አዝመራውን ሰብስቦ ልቡ ሲያርፍ፣ በኅዳር ይከፈታል።

ስለ ቅጣቱም ልናገር። በእኛ ከተማ ሰው አይሰቀልም። ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየተኩራራን እንነግራለን። የከበደ ጥፋት ያጠፋ ሰው ወንዙን ይሻገራል፤ ይኸው ነው ቅጣቱ። ከወንዙ ማዶ ቆላ ነው፤ ንዳድ አለበት፤ ሰው አይኖርበትም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ድረስ ታንኳ አይሄድም፣ አይመጣም። የተሻገረ ሰው ተመልሶ መጥቶ ባያውቅም፣ አንድም ሰው ገድለን አናውቅም።

ዘርጋው የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ «አለ» ወይም «የለም» የሚል፣ ከዚያ በላይ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ከተማው ከገበያው ግርጌ አዲስ ጉድጓድ አስቆፈረው። ቆፈረ፤ ውሃው ወጣ፤ ሰው እልል አለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከዚያ ውሃ የጠጡ አሥራ አንድ ሰዎች ሆዳቸውን ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። ከሦስቱ አንዷ የገበያው ሹም እናት ነበሩ። ከተማው በአንድ ቀን መክሮ ዘርጋው ውሃውን መርዟል አለ። ለምን ብሎ ይመርዛል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ቢኖር እሱም አብሮ ይጠረጠር ነበር።

የዘርጋው ሚስት ወይዘሮ ያልጋነሽ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ማንበብ የማትችል፣ ግን የሰማችውን የማትረሳ ሴት ነበረች። ጎረቤቶቿ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ከዚሁ ጠበቃ ያዢ» አሏት። ከዚሁ ያሉት ጠበቆች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የሟቿ የሥጋ ዘመድ ነው። ሁለተኛው ሊያሸንፍ ከሚመስለው ወገን ውጭ ቆሞ አያውቅም። ስለዚህ ያልጋነሽ ስንቋን ቋጥራ ዋናው ከተማ ወረደችና ጠበቃ ናደውን ይዛ መጣች።

ናደውን ማማት አልፈልግም። ሳይንቅ፣ ሳይሰለች የሠራ ሰው ነው። በመጣ በማግሥቱ ሱሪውን ሰብስቦ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ለዋናው ከተማ የውሃ መርማሪ ላከ። ከቄራው እስከ ጉድጓዱ ያለውን መሬት በእግሩ ለክቶ፣ የቄራው ፍሳሽ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ጉድጓዱ ውስጥ እንደሚገባ ደረሰበት። መርማሪውም ይህንኑ አረጋግጦ፣ ማኅተም መትቶ ላከለት። የጠራ ማስረጃ ነበር። እንደዚያ ያለ ማስረጃ በሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ያንን ወረቀት ያነበበ ማንኛውም ዳኛ ዘርጋውን በዚያው ሰዓት ይለቀው ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከችሎቱ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ናደው ማመልከቻውንና ማስረጃውን ይዞ መዝገብ ቤት መጣ። ያልጋነሽ ከኋላው ነበረች። ወረቀቱ የተቀመጠው በጥሩ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ነው፤ በሚያብረቀርቅ የብረት አግራፍ ተይዟል። እኔም ተነሥቼ እንደ ወጉ አነበብኩለት።

«ደንብ ዘጠኝ። የነፍስ ጉዳይ በቀይ ክር ይታሰራል። ክር የሌለው ግራጫው ሳጥን ይገባል።»

ናደው ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሌሊቱን ሲጽፍ ያደረ ሰው ሳቅ ነው።

«ክር?» አለኝ። «ሰባቱንም ጥራዝ አንብቤያለሁ፤ ስለ ክር የሚል አንቀጽ አላየሁም። እንዲያውም ማመልከቻ በአቀራረቡ ጉድለት ብቻ ውድቅ አይደረግም ይላል። ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አልኩት።

«ታዲያ አይቀበሉኝም ሊሉ ነው?»

«እቀበላለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ጨርሰናል» አለ።

ያልጋነሽ ግን አልጨረሰችም። የለበሰችው ነጠላ ጥለቱ ቀይ ነበር። አንዱን ጫፍ ወደ አፏ አስጠግታ በጥርሷ ነከሰችና አንድ ክንድ የሚሆን ክር መዘዘች።

«ጌታዬ» አለችው፤ «ይኸው ክር። ምን ቸገረን? እንሰረው።»

ናደው ዙሪያውን ተመለከተ። ሁለቱ የከተማችን ጠበቆች በበሩ ቆመው ያዩ ነበር፤ አንደኛው እንዲያውም ፈገግ ብሏል። የናደው ጆሮ ቀላ።

«ወይዘሮ ያልጋነሽ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ይህ ፍርድ ቤት ነው፤ የሠርግ ቤት አይደለም። የባልሽን ሕይወት እንደ ጎመን እስር በክር ጠፍሬ አላቀርብም። ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። እመኚኝ።»

«አምንዎታለሁ» አለች። «ግን ሰውየው ክር አሉ እኮ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ ቢሻው፣ ክሩ ለምንድን ነው? ባይታሰር ምን ይሆናል?»

አሁን እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ከእኔ በፊት መዝገብ ቤቱን የያዙት አለቃ ድንቁ ቁልፉን ያስረከቡኝ ዕለት ነግረውኛል። ድሮ ሳጥን አልነበረም፤ ወረቀት ሁሉ ባንድ ላይ ይከመር ነበር። አንድ ሰው ንጹሕ መሆኑ የተጻፈበት ወረቀት ከፍየልና ከአጥር ክስ ሥር ተቀብሮ ሳይታይ ቀረና ሰውየው ወንዙን ተሻገረ። ወረቀቱ ቆይቶ ሲገኝ እናቱ መጥታ ከመቀነቷ ቀይ ክር መዝዛ አሰረችበት። «ሁለተኛ እንዳይጠፋ» አለች ይባላል። ደንቡ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ደንብም የራሱ ምክንያት አለው። ከአለቃ ድንቁ በፊት የነበረው ሹም ለወደደው ያብራራ፣ ለጠላው አንብቦ ዝም ይል ነበርና፣ ለሁሉም ዝም እንዲባል ተወሰነ።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። «ግራጫው ሳጥን የሚከፈተው በኅዳር ነው» ብል ደግሞ ያ ብቻ ይበቃ ነበር። ይህም ደንብ ሃያ አራት ተብሎ ሳንቃው ላይ ተጽፏል፤ ናደው ግን ሲገባም ሲወጣም ሳንቃውን ቀና ብሎ አላየውም። ለእሱ የማነብለት የማስገቢያውን ደንብ እንጂ የመክፈቻውን አይደለም፤ የመክፈቻው ደንብ የሚመለከተው ዳኛውን ነው።

«ደንብ አይብራራም፣ እመት» አልኳት።

ማኅደሩን ተቀበልኩ። ቀንና ሰዓት ጽፌ ማኅተም አደረግሁበት። ከዚያ፣ ከኅዳር ውጭ ለማስገባት እንጂ ለማውጣት አይፈቀድልኝምና፣ ግራጫውን ሳጥን ከፍቼ፣ ከአንድ ግጥምና ጨረቃን ከከሰሰው ሰው አቤቱታ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጥኩትና ቆለፍኩት። ያልጋነሽ ክሩን በጣቷ ላይ እየጠመጠመች ታየኝ ነበር። ምን እንዳየች አላወቀችም፤ ግን ልቧ አልወደደውም።

የችሎቱ ቀን ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። ዘርጋው እጁን ታስሮ ከጥግ ቆሟል። ፂሙ አድጓል፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው፤ ከልማዱ የተነሣ ከሥሩ ውሃ ይኑር አይኑር የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። ዳኛ ዋሴ ገቡ፤ ጎንበስ ብለው ከወንበሩ ሥር አዩ፤ ተቀመጡ። ዳኛ ዋሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደንብ የሚወዱትም ሰው ስለማያምኑ ነው፤ ከማያምኗቸው ሰዎች መካከል የመጀመሪያው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

የከተማው ከሳሽ ድንጋዩ ላይ ቆሞ ተናገረ። አለቀሰም። ቀጥሎ ናደው ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥቶ ጀመረ። አንደበቱ ያማረ ነበር፤ ስለ ቄራው፣ ስለ ፍሳሹ፣ ስለ መሬቱ ቁልቁለት ሲናገር እኔ ራሴ ብዕሬን ይዤ ፈዘዝኩ። ዳኛ ዋሴ ግን ወዲያና ወዲህ ይመለከቱ ነበር።

«ለተከሳሹ የሚናገርለት የለም?» አሉ።

«እየተናገርኩ ነው እኮ፣ ክቡር ዳኛ!» አለ ናደው።

«ድምፅ ይሰማኛል» አሉ ዳኛው፤ «ድንጋዩ ላይ ግን ሰው አይታየኝም።»

ሕዝቡ አልሳቀም። በእኛ አገር በዚህ ነገር አይሳቅም። ናደው ጥቂት ተከራከረ፤ ዳኛው ጣሪያውን እያዩ ጠበቁት። በመጨረሻ ያልጋነሽ ከሕዝቡ መሐል «በሕግ አምላክ! ድንጋዩ ላይ ይቁሙልኝ!» ብላ ጮኸች። በሕግ አምላክ የሚባለው ድንጋዩ ላይ ተቁሞ ነው የሚል ደንብ ስላለ ጩኸቷን መዝገብ ላይ አላሰፈርኩም። ናደው ግን ሰማት። ሄዶ ቆመ። ፊቱ በርበሬ መስሎ ንግግሩን ከመጀመሪያው ደገመ።

ዳኛ ዋሴ አሁን በደንብ ሰሙት። ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ የዘርጋውንም ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ።

«ይህ የውሃ መርማሪ የጻፈው የታለ?» ብለው ጠየቁ።

«ከአራት ቀን በፊት መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ።»

«ቢሻው፣ ቀዩን ሳጥን ክፈት።»

ከፈትኩት። ከከሳሹ ወረቀት በቀር ምንም አልነበረበትም።

«አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

ናደው ድንጋዩ ላይ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። «ከእጄ ተቀብለዋል! ማኅተም አድርገዋል!»

«ተቀብለሃል?» አሉኝ ዳኛው።

«ተቀብያለሁ።»

«በምን ታስሮ?»

«በብረት፣ ጌታዬ።»

ግራጫው ሳጥን ከእግሬ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድም ሰው ሳጥኑን አላየውም፤ ሁሉም እኔን ነበር የሚያዩት።

«አሁን አስረዋለሁ!» አለ ናደው። «ክር አለ! ሴትዮዋ ይዛለች! ሳጥኑን ክፈቱልኝና አሁን አስረዋለሁ!»

«ጠበቃ» አሉት ዳኛው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፤ «ሳንቃውን አንብበዋል?»

ናደው ወደ በሩ ዞሮ አየ።

«ግራጫው ሳጥን የሚከፈተው በኅዳር ነው። ዛሬ ለእርስዎ ብከፍተው ነገ ለማን እዘጋዋለሁ? የገበያው ሹም እዚያ ቆመዋል፤ እናታቸው ሞተዋል። ነገ መጥተው የሚወዱትን ሳጥን ክፈት ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?»

«እንግዲያው ቀጠሮ ይስጡኝ! እስከ ኅዳር!»

«በነፍስ ጉዳይ ቀጠሮ የሚጠየቀው ከችሎቱ ቀን በፊት ነው። እሱም በቀይ ክር ታስሮ ነው።»

ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት የከሳሹን ወረቀት ብቻ ከፊታቸው አስቀመጡ። ፊታቸው ባለው ወረቀት ፈረዱ። ዘርጋው ክረምት ሳይገባ ወንዙን ይሻገር አሉ።

በግንቦት አጋማሽ አሻገርነው። ከፍርድ ቤቱ አንድ ሰው ሄዶ መሻገሩን እንዲመዘግብ ደንብ ስላለ እኔ ሄድኩ። ያልጋነሽ በቆሎ ጠብሳ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። ዘርጋው ተቀበላትና ታንኳው ላይ ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ዳር ላይ ወዳለው አሸዋ አስጠጋ።

«ምን ይላል?» አለችው።

«እዚህ ጥሩ ውሃ አለ» አላት። «ልጅ አዋቂው ሁሉ ከቄራው ቁልቁል ካለው ጉድጓድ ይራቅ። እዚህ ይቆፈር።»

ይህ በሕይወቱ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ሳይሆን አይቀርም። ታንኳው ሄደ። ከቀኑ ስንት ሰዓት እንደተሻገረ ጻፍኩ። ተጨማሪ የምጽፈው ነገር አልነበረም፤ ብዕሩን ግን ቶሎ መክደን አቃተኝ።

ናደው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በዋናው ከተማ ካለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። ሰዉ እንደነገረኝ ሦስት ሽማግሌ ዳኞች ፊት ቆሞ አንድም ነገር ሳይደብቅ ተናገረ፤ ደንቡ እንደተነበበለትም፣ ክሩ እንደተሰጠውም፣ እንዳልፈለገውም። ይህን ሲናገር አልቅሷል ይባላል። የዳኞቹ መልስ በሐምሌ መጣልን፤ እኔ ነኝ የመዘገብኩት። «ደንቡ ሞኝ ሊሆን ይችላል» ይላል ወረቀቱ፤ «ጠበቃው ግን በደንበኛው ነፍስ ላይ እንዲሞኝ አልተፈቀደለትም። ደንቡ አይረባም ካለ በቀይ ክር አስሮ አይረባም ማለት ይችል ነበር።» ከሥሩ ሦስት ፊርማ አለ። ቢፈቅዱለትም ወንዙ ሞልቶ ነበር።

ናደው ከዚያ በኋላ ጥብቅናውን ተወ ሲባል ሰማሁ። ልጆች ያስተምራል አሉኝ፤ ምን እንደሚያስተምር አላጣራሁም።

ኅዳር መጣ፤ ሰው አዝመራውን ሰበሰበ። በወጉ ግራጫውን ሳጥን ከፈትኩ። ዳኛ ዋሴ ከወንበሩ ሥር ካዩ በኋላ በተራ አነበቡ። ግጥሙን አነበቡና አመሰገኑ። የጨረቃውን ክስ አነበቡና ተከሳሿ መጥሪያ አልደረሳትም ብለው አቆዩት። ሦስተኛው የናደው ማኅደር ነበር። አግራፉ ዝጓል። ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ ድጋሚ አነበቡት። ከዚያም ዘርጋው ከክሱ ነፃ ነው፣ ወደ ቤቱ ይመለስ ብለው ወሰኑ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ እኛ ግን ጩኸቱንም በደንብ ነው የምናደርገው። ነፃ የወጣ ሰው የሚጠራው ከወንዙ ዳር ሦስት ጊዜ ስሙን በመጥራት ነው፤ የሚጠራውም የመዝገብ ቤት ሹም ነው። ያልጋነሽና ጥቂት ሰዎች ተከትለውኝ ወረዱ። ውሃው ጎድሎ ነበር፤ ከማዶ ያለው ሸምበቆ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ዘርጋው!» አልኩ። ጠበቅን። ሁለተኛ ጠራሁ። ሦስተኛውን ስጠራ ድምፄ ከዳኝ፤ ያልጋነሽ ጨረሰችልኝ። ከማዶ አንድ ወፍ ተነሥታ በረረች። ታንኳ ይዘው የሄዱት ሰዎች ያገኙት የበቆሎውን ጨርቅ ብቻ ነው፤ ታጥቦ፣ ቁጥቋጦ ላይ ተሰጥቶ። መዝገቡ ላይ «ተጠርቶ አልመጣም» ብዬ ጻፍኩ። የተፈቀደልኝ እሱ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ያልጋነሽ ከፍርድ ቤቱ በር በስተግራ፣ ከሳንቃው ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከጥለቱ አንድ አንድ ክር ትመዛለች። ከሌላ አገር የመጣ ጠበቃ ሲገባ ተነሥታ «ጌታዬ፣ ይህን ይያዙ» ትለዋለች፤ ከዚያም ማንበብ የማትችለዋ ሴት ሠላሳ አንዱንም ደንብ ከአንድ እስከ መጨረሻው በቃሏ ትልለታለች። ከማን እንደሰማቻቸው ጠይቄ አላውቅም፤ የማነበው እኔ ነኝ፤ ድምፄም ትልቅ ነው። የነጠላዋ ጥለት ሲያልቅ ሌላ ገዛች። እንዲህ እያለች አሥራ አራት ዓመት ኖረች። በእነዚያ ዓመታት ግራጫው ሳጥን ውስጥ የነፍስ ጉዳይ አልገባም።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ለአዲሱ ሹም አስረከብኩ። የመጀመሪያው ደንብ የሚይዘው ቁልፍ ያለውን ሰው ነውና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፌ ነፃ ወጣ። ከበሩ ወጥቼ ከያልጋነሽ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ስለ ክሩ፣ ስለ ፍየሉና ስለ አጥሩ ክስ፣ ስለዚያች እናት ነገርኳት። አቀርቅራ ክር እየመዘዘች አዳመጠችኝ።

«ይኸው ነው?» አለችኝ ስጨርስ።

«ይኸው ነው።»

«ለመናገር የሚፈጀው ይህን ያህል ነው?»

ሌላ ነገር አላለችኝም፤ አልሰደበችኝም፣ አልረገመችኝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የአገሬ ሰዎች። የእኔ ነቅዟል፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ሥር ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ሞተች። ፍርድ ቤቱም ወጉን አልሳተም፤ ሠላሳ ሁለተኛ ደንብ አወጣ። «ጠበቃ ወደ ግቢ ሲገባ ከበሩ በስተግራ ባለው ድንጋይ ፊት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይቆማል» ይላል። ምክንያቱ አልተጻፈም፤ አይብራራምም። የውጭ ጠበቆች እያነበቡት ይስቃሉ።

አሁን ድንጋዩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኞ አንድ ወጣት ጠበቃ በጥሩ ማኅደር ወረቀት ይዞ መጣ። ደንቡን አነበበ፤ ፈገግ አለ፤ ሊያልፍ ሲል ክር ዘረጋሁለት።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ከፍየሉ ክስ ጀምሬ እስከ ወንዙ ዳር ጥሪ ድረስ፣ ሁሉንም። ፈገግታው ጠፋ። ክሩን ከእጄ ተቀብሎ አሰረና ገባ። እኔም የያልጋነሽን ጥያቄ ያን ጊዜ ለካሁት፤ ለመናገር የፈጀብኝ፣ ሰውየው ማኅደሩን ከአንድ ብብቱ ወደ ሌላው እስኪያዛውር ብቻ ነበር።